እበት ለምድጃ ወይስ ለማሳ?

(በሬድዮ ከተነገረ የመሠረተ ትምህርት ንግግር የተጻፈ)

ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል ከቃል ገጥማችሁ፣ ይኸው ይህን ጽሑፍ ለማንበብ በቅታችኋል። እንኳን ደስ አላችሁ። ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ቃል ቢያስቸግራችሁ ተመለሱና እንደገና አንብቡት። ማንበብ ያልጀመረ ጎረቤት ካላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት። በመጨረሻ የቃላት ፍቺና የመወያያ ጥያቄዎች አሉ።

የዛሬው ትምህርታችን ስለ እበት ነው። «ደግሞ ለእበት ምን ትምህርት ያስፈልገዋል?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ እበትን የማያውቅ የለም። ቤት እንለቀልቅበታለን። አውድማ እንለቀልቅበታለን። ኩበት ጠፍጥፈን እንጀራ እንጋግርበታለን። የተረፈውን ገበያ አውጥተን እንሸጣለን።

ይሁን እንጂ አንድ ከባድ ጥያቄ አለ። እበቱን ምድጃው ይፈልገዋል። ማሳውም ይፈልገዋል። ታዲያ ለማን እንስጠው? ነዶ ያለቀ እበት ለማሳ አይሆንም። ማሳ የገባ እበትም እንጀራ አይጋግርም። ይህ ጥያቄ የገበሬ ብቻ አይደለም። እዚህ አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ውስጥ፣ አንድ ላም በግቢዋ ያሰረች እናት ሁሉ የምትጠይቀው ነው።

ከላሟ ምን ይወጣል?

እስቲ ከመጀመሪያው እንነሳ። ሣር ምግቡን ከመሬት ይስባል። ላሟ ሣሩን ትበላለች። ከበላችው ጥቂቱ ወተት ይሆናል። ጥቂቱ ሥጋ ይሆናል። የቀረው በእበትና በሽንት ይወጣል። ስለዚህ እበትና ሽንት ማለት ከመሬት የተወሰደ ምግብ ማለት ነው። ለመሬት ብንመልሰው ብድር ከፈልን ማለት ነው። ካልመለስነው ግን መሬቱ ከዓመት ዓመት ይደኸያል።

ተክል በብዛት የሚፈልጋቸው ሦስት ምግቦች አሉ። አንደኛው ናይትሮጅን ይባላል። ቅጠልን አረንጓዴና ለምለም የሚያደርግ ነው። ሁለተኛው ፎስፈረስ ነው። ሥርንና ፍሬን ያበረታል። ሦስተኛው ፖታስየም ነው። አገዳን ያጠነክራል፣ ተክሉ በሽታንና ድርቅን እንዲቋቋም ይረዳል። ሦስቱም በእበትና በሽንት ውስጥ አሉ።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። የአገራችን ዝርያ የሆነች አንዲት ላም በቀን 10 ኪሎ ያህል እርጥብ እበት ትጥላለች። በደንብ የምትቀለብ ዲቃላ የወተት ላም ከዚህ እጥፍና ከዚያም በላይ ትጥላለች። እኛ ግን በትንሹ እናስላ። 10 ኪሎ በ365 ቀን ሲባዛ 3,650 ኪሎ ይሆናል። ከ36 ኩንታል በላይ ማለት ነው!

ከዚህ አብዛኛው ውሃ ነው። በ100 ኪሎ እርጥብ እበት ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው። ስለዚህ በዓመቱ እበት ውስጥ ከ15 ኪሎ የማያንስ ናይትሮጅን አለ። ዩሪያ የሚባለው የፋብሪካ ማዳበሪያ በ100 ኪሎው 46 ኪሎ ናይትሮጅን አለው። እንግዲህ አንዲት ላም በዓመት ከ30 ኪሎ ዩሪያ ጋር የሚመጣጠን ናይትሮጅን በእበቷ ብቻ ትሰጣለች። ሽንቷን ገና አልቆጠርንም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ይባላል። የእኛ ላም ግን በሰማይ አይደለችም፣ በደጃችን ናት። ስጦታዋን ግን ብዙ ጊዜ አናየውም።

ኩበት ሲነድ ምን ይጠፋል?

ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑ ከጭሱ ጋር ወደ ሰማይ ይሄዳል። መሬትን የሚያለሰልሰውና ውሃ የሚይዘው ብስባሽም ይቃጠላል። አመዱ ውስጥ የሚቀረው ፎስፈረስና ፖታስየም ነው። ስለዚህ ኩበት ያነደደ ሰው ቢያንስ አመዱን አይጣል። ለጓሮ አትክልት ይበትነው።

ብስባሹ መጥፋቱ ትልቅ ነገር ነው። የፋብሪካ ማዳበሪያ ለተክሉ ምግብ ይሰጣል፤ አፈሩን ግን አያለሰልስም። ብስባሽ የበዛበት አፈር ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይመጣል። ዝናብ ቀርቶ ፀሐይ ስትከር እርጥበቱን ቶሎ አይለቅም። ብስባሽ ያለቀበት አፈር ግን ዝናብ መትቶት ሲደርቅ ይጠነክራል። ውሃው በላዩ ይፈስሳል፣ አፈሩንም ይዞት ይሄዳል።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1984 ኬኔት ኒውኮምብ የተባለ ባለሙያ ስለ ኢትዮጵያ አንድ ጥናት ለዓለም ባንክ ጽፎ ነበር። ያሳየው ነገር እንደ ሰንሰለት የተያያዘ ነው። በመጀመሪያ በአካባቢው ያለው ዛፍ ተቆርጦ ያልቃል። ዛፍ ሲያልቅ ሰው እበትና የሰብል አገዳ ማንደድ ይጀምራል። እበት ያጣ ማሳ ይሳሳል። ማሳ ሲሳሳ እህልም ገለባም ይቀንሳል። ገለባ ሲቀንስ ከብት ይከሳል፣ ቁጥሩም ያንሳል። ከብት ሲያንስ እበት ያንሳል። እንዲህ እያለ ችግር ችግርን ይወልዳል። ስለዚህ ለማገዶ ዛፍ መትከል እህል እንደ መዝራት ነው ማለት ነው። ዛፉ ምድጃውን ሲይዝለት እበቱ ለማሳ ነጻ ይወጣል።

ይህ ነገር በጉለሌ

ጉለሌ በአዲስ አበባ ሰሜን፣ ከእንጦጦ ተራራ ሥር ነው። የማገዶን ነገር ከጉለሌ ሰው በላይ ማን ያውቃል? አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ዛፍ ለማገዶና ለቤት ሥራ እየተቆረጠ አለቀ። በዚያው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ከውጭ አገር መጥቶ ተተከለ። እንጦጦም ባሕር ዛፍ ለበሰ። ከዚያ ወዲህ ስንት እናቶችና እኅቶች ቅጠልና ጭራሮ በጀርባቸው ተሸክመው ቁልቁለቱን ወረዱ! ማገዶ ርካሽ ነገር አይደለም። በጀርባ የሚከፈል ዋጋ አለው።

ዛሬም በጉለሌ በአንዳንድ ግቢ የወተት ላም ታስራለች። ፉሩሽካና ፋጉሎ ትበላለች፣ አተላም ትጠጣለች። በሌላ ግቢ ደግሞ ጎመን፣ ድንችና ቆስጣ ይተከላል። ነገሩ እንዲህ ይሆናል፦ ላም ያለው ሰው መሬት የለውም። መሬት ያለው ሰው ላም የለውም። ላም ያለው እበቱን የሚያደርስበት ሲያጣ ከአጥር ሥር ይቆልለዋል። ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ጠርጎ ወደ ቦይ፣ ከቦይም ወደ ወንዝ ይወስደዋል። ከታች ያለው ሰው የሚታጠብበትን ውሃ ያበላሻል። ከአጥሩ ማዶ ያለው ጎረቤት ደግሞ ጎመኑ ቢጫ ሆኖበት ማዳበሪያ ይገዛል። እነዚህ ሁለት ጎረቤቶች ቢነጋገሩ ምን ነበረበት? አንዱ እበት ይሰጣል፣ ሌላው ጎመን ይመልሳል።

«ታዲያ ምን አንድጄ ልጋግር?»

እዚህ ላይ አንዲት እናት እንዲህ ብትለን እውነት አላት፦ «አንተ መምህር፣ ነገርህ ደኅና ነው። ነገር ግን እኔ ኩበት ሸጬ ጨውና በርበሬ እገዛለሁ። የቀረውን አንድጄ ልጆቼን አበላለሁ። እበቱን ለመሬት ስጪ ካልከኝ ዛሬ ማታ ምን አንድጄ ልጋግር?»

ይህን ጥያቄ ሳይመልስ «እበት አታቃጥሉ» ብሎ የሚያስተምር ሰው ግማሽ ትምህርት ነው ያስተማረው። እኛ ሦስት መልስ አለን።

የመጀመሪያው መልስ፦ ማንም ከማያነደው እንጀምር። የላም ሽንት አይነድም። በሽንት የራሰ ጉዝጓዝ አይነድም። በክረምት የሚጣለው እበት ፀሐይ ስለሌለ ኩበት አይሆንም። የበረት ጥራጊ፣ የመኖ ትራፊ፣ የአትክልት ልጣጭ አይነድም። ይህ ሁሉ ዛሬ ይጣላል። ይህን ብቻ ብንሰበስብ ምድጃውን ምንም ሳንነካ ለጓሯችን የሚበቃ ማዳበሪያ እናገኛለን።

ሁለተኛው መልስ፦ ማገዶ እንቆጥብ። በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጋገር እሳቱ በየጎኑ ይባክናል። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ግን እሳቱን ከምጣዱ ሥር አፍኖ ይይዛል። ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ጭሱንም ይቀንሳል። የግማሹ ኩበት እበት ለማሳ ተረፈ ማለት ነው።

ሦስተኛው መልስ፦ እበቱ ለሁለቱም እንዲያገለግል ማድረግ ነው። ይህ ባዮጋዝ የሚባለው ነው። ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ብስባሽ ማዳበሪያ እንዴት ይሠራል?

እርጥብ እበትን እንዲሁ ማሳ ላይ ከመጣል ማብላላት ይሻላል። ሲብላላ ይሞቃል። ሙቀቱ የአረም ዘርንና የበሽታ ተሕዋስያንን ይገድላል። የተብላላው ነገር ሲያልቅ ብስባሽ ማዳበሪያ ወይም ኮምፖስት ይባላል።

ሥራው ሊጥ ከማቡካት ብዙም አይለይም። ሊጥ ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና ጊዜ ይፈልጋል። ብስባሽም እንዲሁ ነው። ገለባውና ቅጠሉ ዱቄቱ ነው። እበቱ እርሾው ነው። ውሃና ጊዜ ደግሞ ለሁለቱም ያው ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጨመርበታል፤ እሱም አየር ነው።

አሠራሩን በተራ እንየው።

1. ጎርፍ የማይደርስበት፣ ጥላ ያለው ቦታ ምረጡ። ከመጠጥ ውሃ ጉድጓድ የራቀ ይሁን። ወርዱ አንድ ሜትር ተኩል ይበቃል። ከዚያ ከሰፋ ሳትረግጡት መሃሉን መድረስ አትችሉም። ርዝመቱን እንደ ያላችሁ ነገር አድርጉት።

2. ከታች የበቆሎ ወይም የማሽላ አገዳና ጭራሮ ርብርብ አድርጉ። ይህ አየር ያስገባል፣ የበዛ ውሃም ያስወጣል።

3. በላዩ ደረቅ ነገር አንጥፉ። ገለባ፣ ጭድ፣ ደረቅ ሣር ይሆናል። ውፍረቱ አንድ ስንዝር ያህል ይሁን። ረጅሙን ቆራርጡት። የተቆረጠ ቶሎ ይበሰብሳል።

4. ቀጥሎ እርጥብ ቅጠል አንጥፉ። ያላፈራ አረም፣ የግራዋ ቅጠል፣ የጎመን ትራፊ ይሆናል። ውፍረቱ የግማሽ ስንዝር ያህል ይሁን።

5. ከዚያ እበት አድርጉ። ሁለት ሦስት ጣት ያህል ውፍረት ይበቃል። እበቱ ጥቂት ከሆነ በውሃ በጥብጣችሁ ርጩት። በሽንት የራሰ ጉዝጓዝ ካለ እሱንም ጨምሩ።

6. ጥቂት ለም አፈር በትኑበት። አመድ ካለ እንደ ጨው እፍኝ ብቻ ነስንሱ። አመድ ከበዛ ናይትሮጅኑን ወደ አየር ያባርረዋል።

7. ውሃ አርከፍክፉ። ከዚያ ከደረቁ ነገር ጀምራችሁ እንደገና ደርድሩ። ክምሩ ከአንድ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ሲል አቁሙ።

8. በሣር ወይም በኮባ ቅጠል ሸፍኑት። ሽፋኑ ከፀሐይና ከዝናብ ይጠብቀዋል።

የጉለሌ ሰዎች አንድ ነገር ልብ በሉ። የባሕር ዛፍ ቅጠል በጃችሁ ሞልቷል። ነገር ግን ዘይት ስላለው ቶሎ አይበሰብስም። ብዙ አትጨምሩበት። እሱ ለምድጃው ይሁን፣ እበቱ ለክምሩ ይሁን። እንዲያ ከሆነ ሁለቱም ቦታ ቦታቸውን ያዙ ማለት ነው።

ክምሩን በእንጨት መጠየቅ

አንድ ረጅም እንጨት እስከ ክምሩ መሃል ድረስ ውጉበት። ከሳምንት በኋላ ምዘዙትና በእጃችሁ ያዙት። እንጨቱ ራሱ ይነግራችኋል። ትኩስና እርጥብ ከሆነ ሥራው ደኅና ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ ከሆነ ውሃ ጠምቶታል፣ አጠጡት። ቀዝቃዛ ሆኖ ከከረፋ ውሃ በዝቶበታል፣ አየርም አንሶታል። እሱን ገልብጡትና ደረቅ ገለባ ጨምሩበት።

የውሃውን ልክ በእጅ ማወቅ ይቻላል። ከክምሩ እፍኝ ዘግናችሁ ጨምቁ። እጃችሁ ረጥቦ ውሃ ካልተንጠባጠበ ልኩ ነው።

በሦስት ሳምንት አንድ ጊዜ በመንሽ ወይም በአካፋ ገልብጡት። የውጪው ወደ ውስጥ፣ የውስጡ ወደ ውጪ ይሁን። ከአንድ ወር በኋላ ድገሙት። በሞቃት አገር በሦስት ወር ይደርሳል። ጉለሌና እንጦጦ ግን ብርድ ነው። አራት አምስት ወር ታገሡት። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባል የለም?

መድረሱ በምን ይታወቃል? ቀለሙ ይጠቁራል። በእጅ ሲታሽ ይፈረፈራል። ገለባውና እበቱ አይለዩም። ሽታው የእበት ሳይሆን ዝናብ የነካው አፈር ሽታ ይሆናል። ተገልብጦም አይሞቅም።

ክምሩን ለመጀመር ጥሩው ጊዜ ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ያኔ እርጥብ ሣርና አረም ሞልቷል። መሬቱም አልደረቀም። በዚያ ጊዜ የተከመረ ለሰኔ ዘር ይደርሳል። ስትጠቀሙበት ለጓሮ አትክልት በአንድ ካሬ ሜትር ሁለት ሦስት ኪሎ በትኑ። የበተናችሁትን በዚያው ቀን ከአፈር ጋር ቀላቅሉት። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ካደረ ጉልበቱ ይቀንሳል። ለማሳው ሁሉ ካልበቃ አታሳሱት። ዘንድሮ ለአንዱ ጥግ፣ ከርሞ ለሌላው ጥግ በደንብ ስጡ።

ሽንቱንም አትጣሉ

የላም ሽንት ብዙ ናይትሮጅንና ፖታስየም አለው። ቶሎም ይሠራል። በረቱን በጥቂቱ ወደ አንድ ጥግ አዘቅዝቁት። ሽንቱ ወደ ባልዲ ወይም ወደ ጉድጓድ እንዲወርድ ቦይ አውጡለት። ባይሆንላችሁ ገለባ ጎዝጉዙ። ገለባው ሽንቱን ይመጥጣል፣ ገለባውም ወደ ክምሩ ይገባል።

የተጠራቀመውን ሽንት በጀሪካን ክደኑት። ክፍት ከተቀመጠ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ይወጣዋል። ያ ሽታ የሚጠፋው ናይትሮጅን ነው። ለአትክልት ስትሰጡ አንዱን እጅ ሽንት ከአምስት እጅ ውሃ ጋር ቀላቅሉ። ለትንሽ ችግኝ እስከ አስር እጅ አቅጥኑት። ከሥሩ ራቅ አድርጋችሁ አፈሩ ላይ አፍስሱ። ቅጠሉ ላይ ካፈሰሳችሁ ያቃጥለዋል።

ከእበትም ፈሳሽ ማዳበሪያ መሥራት ይቻላል። እበት በጆንያ ቋጥሩና ውሃ በሞላ በርሜል ውስጥ አንጠልጥሉት። በየቀኑ ነካ ነካ አድርጉት። በሁለት ሳምንት ውሃው ይጠቁራል። ከዚያ እንደ ቀጭን ሻይ እስኪሆን በውሃ አቅጥናችሁ አፈሩን አጠጡ።

በሕንድ አገር ሱባሽ ፓሌካር የተባሉ ሰው ያስፋፉት ሌላ ዘዴ አለ። ጂቫምሪታ ይባላል። በ200 ሊትር ውሃ ውስጥ 10 ኪሎ እበት፣ ከ5 እስከ 10 ሊትር የላም ሽንት፣ ሁለት ኪሎ ያልተጣራ የሸንኮራ ስኳር፣ ሁለት ኪሎ የጥራጥሬ ዱቄትና እፍኝ አፈር ይበጠበጣል። ጥቂት ቀን ይብላላና ለማሳ ይሰጣል። ዓላማው አፈር ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ነፍሳት ማርባት ነው። ለእኛ ስኳርና የጥራጥሬ ዱቄት ውድ ነው። ደግሞም ይህ እንደ እርሾ ነው። እርሾ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ዱቄት ያስፈልገዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ብስባሹን ሥሩ።

ጥንቃቄ

እርጥብ እበት ላይ በጥሬው የሚበላ ነገር አትትከሉ። ሰላጣና ካሮት በጥሬው ይበላሉ። እበት ውስጥ ተቅማጥ የሚያመጡ ተሕዋስያን ሊኖሩ ይችላሉ። ያልተብላላ እበት አፈር ውስጥ ከገባ አትክልቱ እስኪለቀም አራት ወር ይለፍ። ከሥራ በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሕፃናትን ከክምሩ አርቁ። የሰው ዓይነ ምድር፣ ፕላስቲክ፣ ባትሪ ድንጋይና ጠርሙስ ክምሩ ውስጥ አይግባ። ዝንብ ከበዛ ክምሩ አፈርና ገለባ አንሶታል ማለት ነው፤ አልብሱት።

አንድ እበት፣ ሁለት ሥራ

አሁን ወደ ሦስተኛው መልስ እንመለስ። ባዮጋዝ ማለት እበት አየር በማይገባው ጉድጓድ ውስጥ ሲብላላ የሚወጣ የሚነድ ጋዝ ነው። ጉድጓዱ በድንጋይና በሲሚንቶ ይሠራል። እበትና ውሃ እኩል ተበጥብጦ በየቀኑ ይገባል። ጋዙ በቱቦ ወደ ወጥ ቤት ይሄዳል። ወጥ ያበስላል፣ ቡና ያፈላል፣ መብራትም ይሰጣል። ጋዙ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ዝቃጭ ደግሞ ማዳበሪያ ነው። ናይትሮጅኑ አብዛኛው እዚያው ነው። ምድጃውም ማሳውም ድርሻቸውን አገኙ።

በአገራችን ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 ሥራ ጀምሮ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ገጠሮች ጉድጓዶች ተሠርተዋል። ለትንሹ ጉድጓድ አራት ከብት ያህልና ቅርብ ውሃ ያስፈልጋል። ወጪውም ቀላል አይደለም። እንጀራ ለመጋገርም ብዙ ጋዝ ይፈልጋል። ስለዚህ ለሁሉም ቤት አይሆንም። አንድ ላም ያለው ሰው በብስባሹና በምርጥ ምድጃ ይጀምር። ብዙ ላም ያረባ ወይም በማኅበር የተሰባሰበ ሰው ግን ባዮጋዝን ቢያስብበት ይጠቀማል።

ሠርተው ያዩ ሰዎች

«ይህ ሁሉ ወሬ ነው፣ ማን አየው?» የሚል አይጠፋም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1996 በትግራይ አንድ ሥራ ተጀመረ። ያስጀመሩት ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔርና ባለቤታቸው ሱ ኤድዋርድስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ነው። ገበሬዎች ብስባሽ ሠርተው ማሳቸው ላይ አደረጉ። እርከን ሠሩ፣ ዛፍም ተከሉ። ከዚያ ምንም ያልተደረገበት ማሳ፣ ብስባሽ የተደረገበት ማሳና የፋብሪካ ማዳበሪያ የተደረገበት ማሳ ምርታቸው ተመዘነ። ብስባሽ ያገኘው ማሳ ምንም ካላገኘው እጅግ በልጦ ተገኘ። በብዙ ቦታም ከፋብሪካው ማዳበሪያ ጋር ተስተካከለ ወይም በለጠ። ዶክተር ተወልደ ብርሃን በ2000 በፈረንጆች አቆጣጠር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። በ2015 ዓ.ም. አርፈዋል። ሥራው ግን ገበሬው እጅ ቀርቷል።

ይህን ስንል የፋብሪካ ማዳበሪያ ጠላት ነው ማለታችን አይደለም። በአገራችን ብዙ ገበሬ ይጠቀምበታል፣ ምርትም ጨምሮበታል። ነገር ግን በብዛት ከውጭ አገር በመርከብ የሚመጣ ነው። ባሕር ማዶ ጦርነት ሲነሳ፣ ነዳጅ ሲወደድ፣ የእኛ ገበሬ ዋጋው ይንርበታል። በ2014 ዓ.ም. ዋጋው እንዴት እንደ ሰማይ እንደ ራቀ የገዛ ሰው ያስታውሰዋል። ብስባሽ ያለው ገበሬ ጥቂት ገዝቶ ይደጉማል። ብስባሽ የሌለው ግን ያለችውን ሸጦ ወይም ተበድሮ ይገዛል፤ ካጣም ባዶውን ይዘራል።

ከዛሬ ጀምሮ

ውድ አንባቢዎች፣ ሁሉን ባንድ ቀን አትጀምሩ። በዚህ ሳምንት ከበረቱ ሥር ገለባ ጎዝጉዙ። በሚቀጥለው ሳምንት ለክምሩ ቦታ ምረጡ። ላም ከሌላችሁ ላም ያለው ጎረቤት ጋ ሂዱና «እትዬ፣ የበረቱን ጥራጊ እኔ ልውሰድልዎት?» በሏቸው። እሳቸው ግቢያቸው ይጸዳል። እናንተ ጎመናችሁ ይለመልማል። ሥራውን ለእናት ብቻ አትተዉ። በረት መጥረግ የሷ ከሆነ ክምሩን መገልበጥ የአባትና የወጣት ልጆች ይሁን።

ደብተር ያዙ። ፊደል የተማርነው ለዚህም ነው። ክምሩን የጀመራችሁበትን ቀን ጻፉ። የገለበጣችሁበትን ቀን ጻፉ። ብስባሽ ያገኘውንና ያላገኘውን መደብ ጎመን ለዩና ስንት እስር እንደ ወጣው መዝግቡ። ከእኔ ንግግር ይልቅ ያ ደብተር ያስተምራችኋል።

እስከሚቀጥለው ትምህርታችን ደኅና ሁኑ።

የቃላት ፍቺ

እበት፦ ያልደረቀ የከብት ኩስ።
ኩበት፦ ለማገዶ ተጠፍጥፎ የደረቀ እበት።
ጉዝጓዝ፦ ከከብት ሥር የሚነጠፍ ገለባ ወይም ሣር።
ብስባሽ፦ በስብሶ አፈር የመሰለ ቅጠል፣ ገለባና እበት።
ተሕዋስያን፦ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት። አንዳንዶቹ ይጠቅማሉ፣ አንዳንዶቹ በሽታ ያመጣሉ።
ዝቃጭ፦ ከፈሳሽ በታች የሚቀር ወፍራም ነገር።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ኩበት ሲነድ ወደ ሰማይ የሚሄደው ምንድን ነው? አመድ ውስጥ የሚቀረውስ?
2. በቤታችሁ የማይነድና የሚጣል የከብት ውጤት ምን ምን አለ?
3. ከክምሩ የተመዘዘው እንጨት ቀዝቃዛና ደረቅ ቢሆን ምን ታደርጋላችሁ?
4. ሁለት ላሞች በቀን 10፣ 10 ኪሎ እበት ቢጥሉ በ30 ቀን ስንት ኪሎ ይሆናል?
5. በሰፈራችሁ ላም ያለውና የጓሮ መሬት ያለው ማን ነው? እንዴት ቢረዳዱ ይሻላል?